ካሜራው ያያል፣ ቅጠሉን ማን ይገልብጠው?

ባለፈው በጋ ነው። ከአዳማ ወደ ወንጂ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ የአንድ ጓደኛዬ የቲማቲም ግሪንሃውስ ውስጥ ቆመናል። ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ። ውጭ ነፋሱ ፕላስቲኩን ያርገበግበዋል፣ ውስጡ ደግሞ ትንፋሽ ያሳጥራል። ስልክ ላይ የሚሰካ ትንሽ የሙቀት ካሜራ ይዣለሁ፤ የተዋስኩት ነው። ጓደኛዬ አንዴ ካሜራውን አንዴ እኔን እያየ «በዚህ አሻንጉሊት ነው በሽታ የምታገኝልኝ?» ይለኛል።

ስክሪኑ ላይ መደቦቹ ሁሉ ሰማያዊ ናቸው። ሰባተኛው መደብ ጫፍ ላይ ግን አንድ ብርቱካንማ ቁራጭ አለ። ካሜራውን አዙሬ መለስኩት፣ አልጠፋም። ተጠግተን ብናይ ቅጠሉ ከጎረቤቱ በምንም አይለይም፤ አረንጓዴ፣ ወፍራም፣ የሚያምር። ከዚያ ጓደኛዬ ጎንበስ አለና የጠብታ መስኖውን ቱቦ አነሳ። ቀዳዳዎቹን ነጭ የጨው ቅርፊት ደፍኗቸዋል። አምስት ተክል ትናንት ይሁን ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ውሃ አላገኘም፣ ማንም አላወቀም።

እንዲህ ያለ ነገር በዓይኑ ያየ ሰው በማግስቱ ካሜራ አስመጪ ልሁን ይላል። እኔም ለሁለት ሳምንት ያህል እንደዚያው ነበርኩ። ኋላ ላይ እዚያው ግሪንሃውስ ውስጥ ሌላ ነገር ገጠመንና በረድ አልኩ። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ለምን አሁን ይሄን እንደማነሳ ልንገራችሁ። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ «ስማርት ግሪንሃውስ» የሚል ቪዲዮ ሳያዩ መዋል አይቻልም። በሐምራዊ መብራት የተጥለቀለቀ ክፍል፣ ደርብ በደርብ የተደረደረ ሰላጣ፣ ከላይ የሚንሸራተት ካሜራ፣ ከሥሩ «ሁሉንም ነገር አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ይቆጣጠረዋል» የሚል ጽሑፍ። ቪዲዮው የማይነግራችሁ እንዲህ ያሉት እርሻዎች ብዙዎቹ የት እንደደረሱ ነው። ኤሮፋርምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በጁን 2023 የኪሳራ ከለላ ጠየቀ። ባወሪ በኖቬምበር 2024 ጭራሽ ተዘጋ። ፕሌንቲም በማርች 2025 ያንኑ ከለላ ፍለጋ ወደ ፍርድ ቤት ሄደ። ካሜራ አጥሯቸው አይደለም፣ ካሜራማ ሞልቷቸው ነበር። ፀሐይ በነፃ የምትሰጠውን ብርሃን በመብራት ቆጣሪ መግዛት ከበዳቸው፣ የባለሀብቱ ገንዘብም ሲቀንስ መቆሚያ አጡ።

ስለዚህ አዳማ ላይ ስለ «ቤት ውስጥ እርሻ» ሳወራ ፀሐይ ስለማይገባው ክፍል አይደለም የማወራው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጠን፣ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ እያቃጠለን፣ ሰላጣን በአምፖል ማብቀል ቅንጦት ነው። የማወራው ቆቃ አካባቢ ስላሉት የአበባ እርሻዎች፣ በየዳር ዳሩ ስለሚታዩት የቲማቲምና የቃሪያ ፕላስቲክ ቤቶች፣ ስለ ችግኝ ማፍያዎች ነው። እነዚህ ውስጥ ካሜራ ምን ይሠራል? ይሄ የሚያዋጣ ጥያቄ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። የቴሌቪዥን ሪሞት አንሱና ጫፉ ላይ ያለችውን አምፖል ወደ ስልካችሁ ካሜራ አዙራችሁ አንዱን ቁልፍ ተጫኑ። በዓይን ምንም የለም፣ ስክሪኑ ላይ ግን ወደ ነጭ የሚያደላ ሐምራዊ ብልጭታ ታያላችሁ። (የኋላው ካሜራ ካላሳያችሁ የሰልፊውን ሞክሩ።) ያ ኢንፍራሬድ ነው። የካሜራ ሴንሰር እኛ የማናየውን ብርሃን ማየት ይችላል። እንዲያውም አምራቾቹ እንዳያይ ብለው ማጣሪያ ይለጥፉበታል፣ አለዚያ ፎቶው ቀለሙ ይበላሻል። ማጣሪያው የተነሳለት ካሜራ ማለት እንግዲህ ለቅጠል ሐኪም የሚሆን ካሜራ ማለት ነው።

ለምን ቢባል፣ ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ይበላዋል። ክሎሮፊሉ ምግብ የሚሠራው በሱ ነው። ከቀዩ ቀጥሎ ያለውን፣ ዓይናችን የማያየውን ኢንፍራሬድ ግን ግማሽ ያህሉን መልሶ ይተፋዋል፤ የቅጠሉ የውስጥ ሴሎች እንደ መስታወት ያንጸባርቁታል። ቅጠሉ ሲታመም ሁለቱም ይገለበጣሉ፤ ቀዩ መመለስ ይጀምራል፣ ኢንፍራሬዱ ይቀንሳል። ከዚህ የወጣው ኤንዲቪአይ የሚባለው ስሌት ነው። ኢንፍራሬዱ ላይ ቀዩን ትቀንሳላችሁ፣ ከዚያ ለሁለቱ ድምር ታካፍላላችሁ፣ በቃ። ኢንፍራሬድ 50፣ ቀይ 5 ከሆነ 45 ሲካፈል ለ55፣ ወደ 0.82 ይመጣል። ይህ ጥሩ ቅጠል ነው። ኢንፍራሬድ 40፣ ቀይ 12 ከሆነ ግን 0.54 ነው፤ እዚያ ሄዳችሁ ማየት አለባችሁ።

ስሌቱ አዲስ አይደለም። መሬትን ከላይ ሆነው ከሚያነሱት የላንድሳት ሳተላይቶች የመጀመሪያዋ እ.ኤ.አ. በ1972 ከተመነጠቀች በኋላ የመጣ ነው። በታኅሣሥ 2012 ከቻይና የተመነጠቀችው የእኛዋ ሳተላይትም በዚሁ መርሕ የምትሠራ ነበረች። ሳተላይት ግን ፕላስቲክ ጣሪያ ሥር ያለ ቲማቲም አያይም። የግሪንሃውስ ባለቤት ሳተላይቱን አውርዶ ጣሪያው ሥር መስቀል ነው ያለበት፣ ነገሩን ካቀለልነው።

ወደ ቤት ሲገባ ግን አዲስ ጣጣ ይመጣል። ያ ቪዲዮ ላይ ያለው ሐምራዊ መብራት ሰማያዊና ቀይ ብቻ ነው፣ ኢንፍራሬድ የለበትም። ምንጩ ላይ የሌለ ነገር ከቅጠሉ ላይ ሊመለስ አይችልም። ለተራው ካሜራ ደግሞ በሐምራዊ ብርሃን ሥር አረንጓዴው ጥቁር፣ ቢጫው ቀይ ይመስላል። ስለዚህ እዚያ ያሉት እርሻዎች ፎቶ ሲያነሱ መብራታቸውን ለሰከንዶች አጥፍተው የራሳቸውን ብርሃን ያበራሉ። የእኛ ግሪንሃውስ ፀሐይ ስላለው ይሄ አያሳስበውም። እሱን የሚያስቸግረው አቧራ ነው። የአዳማን አቧራ የሚያውቅ ያውቀዋል። በጥር የተነሳው ፎቶና በመጋቢት የተነሳው ፎቶ የሚለያዩት ተክሉ ስለተለወጠ ይሁን ጣሪያው ስለቆሸሸ መለየት ከባድ ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፣ ኋላ እመጣበታለሁ።

የሙቀት ካሜራው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እኔን በመጀመሪያ የማረከኝም እሱ ነው።

የእንስራ ውሃ ለምን ይቀዘቅዛል? ውሃው በሸክላው በኩል ወደ ውጭ እየወዛ ይተንናል፣ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቅጠልም እንስራ ነው። ሥሩ የተሸከመውን ውሃ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹ ያተነዋል፣ በዚህም ራሱን ያቀዘቅዛል። ውሃ ሲያጥረው ግን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል፣ ሲዘጋ ይሞቃል። ይህ የሚሆነው ቅጠሉ ጠውልጎ ከመንጠልጠሉ በፊት ነው። ኢድሶና ጃክሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ይህን ሙቀት ወደ ውሃ ጥም መለኪያ የቀየሩት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ያ ብርቱካንማ ቁራጭ ያሳየን ይሄንኑ ነበር፤ ተክሉ ዝም ብሎ ላቡን መዝጋቱን።

ርካሾቹ የሙቀት ካሜራዎች ምስላቸው ግርድፍ ነው። ስልክ ላይ የሚሰካው 160 በ120 ነጥብ ካለው ጥሩ ነው፣ ከዚያ በታች 80 በ60 የሆነ አለ፣ ተማሪዎች ከሰርኪት ቦርድ ጋር የሚገጥሙት ደግሞ 32 በ24፣ በድምሩ 768 ነጥብ ብቻ ነው። «ቅጠሉ 27 ዲግሪ ነው» ቢላችሁ አትመኑት፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል። አንዱን ቅጠል ከጎኑ ካለው ጋር ሲያወዳድር ግን ጎበዝ ነው፣ ጥሩዎቹ ከ0.1 ዲግሪ ያነሰ ልዩነት ይለያሉ። ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ ልዩነቱን እዩ። አንድ ነገር ደግሞ አስተውሉ፣ ከውጭ ሆናችሁ በመስታወት በኩል አታንሱ። የሙቀት ካሜራ የሚያየውን ጨረር መስታወት አያሳልፈውም፣ የሚያሳያችሁ የራሳችሁን ምስል ነው። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ ሞክሬው የራሴን ጭንቅላት ነው ያገኘሁት።

ሦስተኛ ዓይነት አለ፣ እሱን በአጭሩ ልለፈው፣ ለእኛ ገና ሩቅ ነውና። ቅጠል ከዋጠው ብርሃን ውስጥ በጣም ጥቂቱን መልሶ በቀይ ፍካት ይለቀዋል። ካውትስኪ የተባለ ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋለው ነገር ነው። ቅጠሉን ሃያ ሠላሳ ደቂቃ ጨለማ ውስጥ አቆይቶ ድንገት ብርሃን በማብራት ይለካል፣ ጤነኛው 0.83 አካባቢ ይሰጣል። አንዳንዱን ችግር በዓይን ከመታየቱ በፊት ይናገራል፤ ካሜራው ግን ውድ ነው፣ ግሪንሃውስ ሙሉ ቲማቲም በቀትር ማጨለም ደግሞ ቀልድ ነው።

አራተኛው ሁሉም ኪሱ የያዘው ነው፣ ተራው የስልክ ካሜራ ከአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ጋር። ቀደም ብዬ «ሌላ ነገር ገጠመን» ያልኳችሁ እዚህ ላይ ነው።

ከመጀመሪያው ጉብኝት ሁለት ሳምንት አለፈ። የጓደኛዬ ቲማቲም ቅጠል ላይ ቢጫ ነጠብጣብ መታየት ጀመረ። ስልኩ ላይ አፕ ጫነ፣ ቅጠሉን አነሳ፣ አፑም የፈንገስ በሽታ ስም ጠርቶ «ከ90 በመቶ በላይ እርግጠኛ ነኝ» አለው። እኔም አጠገቡ ሆኜ «በቃ እሱ ነው» አልኩ። ፀረ ፈንገስ ተረጨ። በሳምንቱ ብሶ ተገኘ። እንደገና ተረጨ። መድኃኒቱ በዛሬ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፣ በተለይ ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ዋጋው የት እንደደረሰ።

በሦስተኛው ሳምንት ጓደኛዬ ድሮ የአበባ እርሻ ላይ ስካውት ሆና ስትሠራ የነበረች ልጅ ለቀን ሥራ ቀጠረ። ስካውት ማለት አበባ እርሻ ውስጥ መደብ ለመደብ እየዞረ ተባይና በሽታ የሚቆጥር ሠራተኛ ነው። የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። ሁለት መደብ ሄደች፣ አንድ ቅጠል ያዘችና በአውራ ጣቷ ገለበጠችው። «ጋሼ፣ ከሥሩ አይተውታል?» አለችው። አላየም። እኔም አላየሁም። አፑም አላየም። ከሥሩ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ነገር፣ በመሃሉ የሚርመሰመሱ ነጥቦች። ቀይ ሸረሪት ነው፣ አበባ እርሻ ላይ ማይት የሚሉት። ፀረ ፈንገስ ለማይት ምኑም አይደለም። ሁለት ዙር መድኃኒት አፈር በላው ማለት ነው።

ጓደኛዬ ምንም አላለኝም። ዝም ብሎ አየኝ። ከስድብ ያ ይብሳል።

እንግዲህ አፑ ውሸታም ነው ወይ? አይደለም። ያልተማረውን ጠየቅነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ አንድ በጣም የታወቀ ጥናት አለ። ፕላንትቪሌጅ በተባለው ስብስብ ውስጥ ያሉ ከ54 ሺህ በላይ የቅጠል ፎቶዎችን፣ 14 ሰብልና 26 በሽታ፣ ለኮምፒውተር አስተማሩት። ፈተናውን ከዚያው ስብስብ በቀሩት ፎቶዎች ሲሰጡት 99.35 በመቶ አገኘ። ዓለም አጨበጨበ። እነዚያው ተመራማሪዎች ግን በሐቀኝነት ሌላም ነገር ጽፈዋል፤ ከሌላ ቦታ በሌላ ሁኔታ የተነሱ ፎቶዎች ሲሰጡት ውጤቱ ወደ 31 በመቶ ወረደ። ስብስቡ ውስጥ ያሉት ቅጠሎች ተቀጥፈው፣ አንድ በአንድ፣ ንጹሕ ወረቀት ላይ ተዘርግተው የተነሱ ነበሩ። የእኛ ቅጠል ግን አቧራ ለብሷል፣ በሌላ ቅጠል ተሸፍኗል፣ ግማሹ ፀሐይ ግማሹ ጥላ ነው። ክፍል ውስጥ አንደኛ የሚወጣ ልጅ ገበያ ተልኮ እንደሚታለለው ዓይነት ነው።

የዚያው ፕላንትቪሌጅ ሰዎች በኋላ ኑሩ የሚባል ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ አፕ ለአፍሪካ ገበሬ አውጥተዋል። በስዋሂሊ ብርሃን ማለት ነው አሉ። በእኛ አማርኛ ደግሞ ምርቃት ይመስላል፣ ጥሩ ስም ነው። ካሳቫና ተምች ላይ የሠራው ካሳቫና ተምች ስለተማረ ነው። የአዳማን ቲማቲም በአዳማ አቧራ ሥር ያስተማረው ማሽን ግን እኔ አላየሁም። በየዩኒቨርሲቲው የቅጠል በሽታ በምስል የሚለይ የመመረቂያ ሥራ ሞልቷል፤ አዳማ ውስጥ ራሱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ አለን፣ 17 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ መልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ተቀምጧል፣ ስንቱን የቲማቲም ዝርያ ያወጣ ተቋም። አንዱ ኮዱን ያውቃል፣ ሌላው ቅጠሉን ያውቃል። የሚጎድለው በመሃል ነው፤ ከእውነተኛ ግሪንሃውስ በየሳምንቱ የሚነሳና ባለሙያ ስሙን የጻፈበት ፎቶ። ወረቀት ላይ የተዘረጋ ቅጠል ሺህ ጊዜ ከማስተማር አቧራ የለበሰ ሁለት መቶ ቅጠል ማስተማር ይሻላል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ።

ከውሃው ጋር ያለውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ባይካርቦኔት የበዛበት ነው። (ፍሎራይዱን የዚህ አካባቢ ሰው ጥርስ ላይ ታዩታላችሁ።) እንዲህ ያለ ውሃ ለረጅም ጊዜ ሲጠጣ አፈሩ ወደ አልካላይን ያጋድልና ብረት አፈር ውስጥ እያለ ተክሉ መውሰድ ያቅተዋል። ውጤቱ ምንድን ነው? አዲሱ ቅጠል ቢጫ፣ ደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ይሆናል። ካሜራው ምን ይላል? «ቢጫ ነው» ይላል። ልክ ነው። ነገር ግን ምክንያቱ ከቱቦው ነው የሚመጣው፣ ካሜራው ደግሞ ቱቦ ውስጥ አያይም። ያንን የሚነግራችሁ የውሃ ምርመራና በእጅ የሚያዝ የፒኤች፣ ማለትም የአሲድነት፣ መለኪያ ነው። የቀዳዳዎቹ ጨውም ከዚያው ውሃ የመጣ ነበር። ካሜራ የት እንደሆነ ይጠቁማል፣ ምን እንደሆነ መናገር ግን የሱ ሥራ አይደለም። ሻጮቹ የሚሸጡልን ሁለተኛውን ነው፣ እኔን ያናደደኝ ይሄ ነው።

ሆላንድ ላይ ነገሩ ሌላ ነው፣ የሚያሳስተንም እሱ ነው። ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ ውድድር አዘጋጅቶ ነበር። ቡድኖች ከርቀት ሆነው በአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኪያር አሳደጉ፣ የማይክሮሶፍት ሰዎች የመሩት ሶኖማ የተባለው ቡድን ልምድ ያላቸውን የሆላንድ አብቃዮች በትርፍ በለጠ። እውነት ነው፣ ያስደንቃል። ግን እዚያ የሠራተኛ ሰዓት ውድ ነው። ካሜራ አንድ ሰው ከተካ ዋጋውን ይመልሳል። አዳማ ላይ መደብ የሚዞር ሰው ማግኘት አይከብድም። የሚከብደው ያ ሰው ያየውን የሚያውቅ አግሮኖሚስት ማግኘት ነው። አንድ ጎበዝ አግሮኖሚስት ስንት እርሻ ያዳርሳል? ስለዚህ የእኛ ካሜራ ሥራ ሰው መተካት አይደለም፣ የዚያን ባለሙያ ዓይን ባጃጅ ሳያሳፍር ወደ ግሪንሃውሱ ማምጣት ነው። ሰዉ ይህን ሳይነገረው ጀምሮታል፣ ፎቶ በቴሌግራም ይልካል። የሚላከው ፎቶ ግን አሳዛኝ ነው። ከሦስት ሜትር፣ አመሻሽ ላይ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ከሥሩ «ይሄ ምንድን ነው?» የሚል ጽሑፍ። አግሮኖሚስቱ ጠንቋይ ነው እንዴ?

እኛ ከዚያ ኪሳራ በኋላ የያዝነው ዘዴ ይሄ ነው። በየአራተኛው መደብ መጀመሪያ ላይ አንድ እንጨት ተተክሏል። ልጅቷ ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እንጨቱ ጋር ቆማ በክንድ ርቀት ታነሳለች። ነጭ ወረቀት ሁልጊዜ ፎቶው ውስጥ ይገባል፣ ላሚኔት የተደረገ፣ የመደቡ ቁጥር በማርከር የተጻፈበት። የአቧራው መፍትሔ ይሄ ወረቀት ነው። ጣሪያው ሲቆሽሽ ወረቀቱም አብሮ ይደበዝዛል፣ ስለዚህ ቅጠሉን ከወረቀቱ ጋር ታወዳድሩታላችሁ እንጂ ከባለፈው ወር ትዝታችሁ ጋር አይደለም። ስልኩ ቀለሙን በራሱ እንዳያስተካክል በፕሮ ሞድ፣ ማለትም ሁሉን በእጅ በሚያስተካክሉበት የካሜራው ክፍል፣ ይቆለፋል። ከዚያ አንድ ቅጠል ትገለብጥና ከሥር ታነሳለች። ይህ የመጨረሻው ለድርድር አይቀርብም።

ቢጫው የማጣበቂያ ወረቀትም እንደዚያው ነው። ነጭ ዝንብ፣ ትሪፕስ፣ ምን ያህል ተለጠፈ? በሳምንት አንዴ ፎቶ ይነሳል። እዚህ ላይ ኮምፒውተር ሰውን ያስንቃል። ወረቀቱ ጠፍጣፋ ነው፣ ጀርባው አንድ ቀለም ነው፣ ነፍሳቱ አይንቀሳቀሱም፣ መቁጠር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 አገራችን የገባው ቱታ አብሶሉታ የሚባለው የቲማቲም ተባይ ደግሞ የሽታ ወጥመድ ይዘጋጅለታል፤ ወንዱ የእሳት ራት በሴቷ ሽታ ተስቦ ይገባና ይጣበቃል። ቅጠሉ መሃል ገብቶ የሚበላውን ትል በካሜራ ከማሳደድ እናትና አባቱን ወጥመድ ላይ መቁጠር ይቀላል።

ገንዘቤ የተወሰነ ቢሆን ኖሮ ግን፣ ነውም፣ ካሜራውን መጀመሪያ የምሰቅለው ችግኝ ማፍያው ውስጥ ነው። ምክንያቱም ትሪው ጠፍጣፋ ነው፣ ችግኙ ሁሉ እኩያ ነው፣ ከላይ ሲታይ የሚሸፍነው የለም። ሂሳቡም ከኤንዲቪአይ ይቀላል፤ ኢንፍራሬድ አያስፈልግም። ለእያንዳንዷ ነጥብ አረንጓዴውን በሁለት አባዝታችሁ ቀዩንና ሰማያዊውን ትቀንሳላችሁ። ቅጠል ከሆነ፣ ለምሳሌ ቀይ 70፣ አረንጓዴ 130፣ ሰማያዊ 50፣ ውጤቱ 140 ነው። አፈር ከሆነ፣ ቀይ 110፣ አረንጓዴ 90፣ ሰማያዊ 70፣ ዜሮ ይመጣል። በአንድ ጊዜ ቅጠሉ ከአፈሩ ተለየ። የትኛው ጉድጓድ እንዳልበቀለ፣ የትኛው ትሪ ከሌላው እንደዘገየ፣ የትኛው ጥግ ውሃ እንደማይደርሰው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ይህን የሚሠራ ፕሮግራም አንድ የኮምፒውተር ተማሪ በሁለት ቅዳሜ ይጽፈዋል። ቅጠሉ ላይ ያለውን በሽታ ስም እንዲጠራ ካልጠየቃችሁት አይዋሽም።

ትልልቆቹ የአበባ እርሻዎች የራሳቸው ስሌት አላቸው፣ በእነሱ ላይ አስተያየት አልሰጥም፤ ብቻ አንድ ነገር ላንሳ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ ጽጌረዳ ላይ የሚመጣውን ፎልስ ኮድሊንግ ሞዝ የተባለ የእሳት ራት በተመለከተ ደንቡን አጥብቋል። ትሉ የሚደበቀው እምቡጡ ውስጥ ነው። ከውጭ የሚያነሳ ካሜራ እዚያ ውስጥ ምን አለው? አሁንም ወጥመድ፣ አሁንም ስካውት፣ አሁንም እምቡጥ ከፍቶ ማየት ነው።

የአዳማ ነፋስ ደግሞ ሌላ ቀልደኛ ነው። ከተማው ዳር ያሉት ማማዎች፣ በመጀመሪያው ዙር 51 ሜጋ ዋት፣ በሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት የተተከሉት፣ ዝም ብለው አልመጡም፤ እዚህ ነፋስ አለ። ግሪንሃውስ ጣሪያ ላይ የሰቀላችሁት ካሜራ ከጣሪያው ጋር ይወዛወዛል፣ ቅጠሉም ይወዛወዛል፣ የትናንቱና የዛሬው ፎቶ አይገጥሙም። እኛ ከጣሪያው ሽቦ አውርደን መሬት ላይ በተተከለ ብረት ላይ አስረነዋል። የመብራት መጥፋት ግን፣ የየሳምንቱን ፎቶ የምናነሳው በስልክ ስለሆነ፣ ብዙም አልጎዳንም።

የተዋስኩትን የሙቀት ካሜራ መልሻለሁ። ጓደኛዬ ግን «በአስራ አምስት ቀን አንዴ አምጣልኝ» ብሎኛል፣ ለበሽታ ሳይሆን ለተደፈነ ቀዳዳ። ልጅቷ አሁን ቋሚ ሆናለች። ትናንት ዓርብ ነበር፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ፎቶዎቹ ደረሱኝ። መደብ 4፣ መደብ 8፣ መደብ 12። የ12ኛው ነጭ ወረቀት ላይ የአውራ ጣት አሻራ አለ፣ በአረንጓዴ የቲማቲም ወዝ የተነካካ።